ያልገለበጥኩት ወረቀት

የሰው ጀርባ ማየት አልወድም። የመጽሐፍ ጀርባ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ ኖሬያለሁ፤ መተዳደሪያዬ ነውና። ጠራዥ ነኝ። የተበጣጠሰውን እሰፋለሁ፣ የላላውን አጠብቃለሁ፣ ሽፋኑ የወለቀበትን አለብሳለሁ። በወጣትነቴ የሥራ ጓደኞቼ «መርፌ» ይሉኝ ነበር። ቀጭን ስለሆንኩ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ምላሴን የሚያውቁት ግን ሌላ ምክንያት ነበራቸው።

ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ ሱቄ ገባች።

«ይቅርታ፣ እትዬ መርፌ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

የያዝኩት መርፌ ጣቴን ወጋኝ። በዚያ ስም ከተጠራሁ አርባ ሦስት ዓመት ሆኖኛል።

«ማነው እንደዚያ ብለሽ ጥሪያት ያለሽ?»

«እማዬ ናት።» ፈገግ ስትል ግራ ጉንጯ ስርጉድ አለ። ያን ስርጉድ አውቀዋለሁ። ስንት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቼ ያየሁት ስርጉድ ነው።

«እናትሽ ደህና ናት?» አልኩ።

ልጅቷ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ክር ማየት ጀመረች። «ታማለች። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን።» ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ ሌላ አልጠየቅኳትም። ጨርቁን ፈታችው። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጀርባው ተላቆ የተንጠለጠለ የመዝሙር መጽሐፍ ነበር። «ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ የሰፋችው እሷ ናት አለች። እስከ ዓርብ ቢያደርሱልኝ… ከእጇ ተለይቶ አያውቅም።»

ገለጥ አድርጌ ክሩን አየሁት። የእኔው ስፌት ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ደስታም ሐዘንም ተሰማኝ፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቅኩም።

እናቷን «ድምቡሼ» ነበር የምንላት። ክብ ፊት፣ ክብ ክንድ፣ ክብ ሳቅ ነበራት። አራት መስኮት ባለው ረጅም የመጠረዣ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጥ ነበር፤ እሷ ወረቀት ታጥፋለች፣ እኔ ያጠፈችውን እሰፋለሁ። ድምቡሼ ስታጥፍ እጇን አትመለከትም። የምትመለከተው እኔን ነበር። አለቃችን ሁልጊዜ «ይቺ ልጅ ሳታይ ሠርታ እንዴት አትሳሳትም?» እያለ ይገረም ነበር።

ወደድኳት። እንደ እህት አይደለም። እንደ እህት ነው ብሎ ራስን ማታለል ለሁለት ሳምንት ያህል ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። በወረቀት መጋዘኑ ውስጥ መጀመሪያ የሳመችኝ እሷ ናት። ሳመችኝና እዚያው ወረቀት ጥቅሎቹ መሀል ተንበርክካ ጸለየች። ቆሜ ጠበቅኳት። ጸሎቷን ስትጨርስ ተነሥታ ደግማ ሳመችኝ።

«እግዜር የሚጠላው ነገር ከሆነ ለምን እንዲህ ደስ ይለኛል?» አለችኝ።

«እሱን ራሱን ጠይቂው። እኔ ጠራዥ ነኝ።»

ቀልዴን ነበር። እሷ ግን የእግዜርን ነገር በቀልድ አትይዝም። ሁለታችንም አንድ ጸሎት ቤት ውስጥ ዘማሪዎች ነን፤ እኔ እየዘመርኩ እሷን አስባለሁ፣ እሷ እየዘመረች ታለቅሳለች። ሥራ ስንጨርስ ደግሞ እጄ ላይ የደረቀውን ሙጫ በእሷ ሳሙና ነበር የማስለቅቀው። የራሴን ገዝቼ አላውቅም። «አንድ ቀን ሳሙናዬን ጨርሰሽ ቆዳዬን ትጀምሪያለሽ!» ትለኝ ነበር።

መጻጻፊያ ነበረን። ከማተሚያ ቤት የተበላሸ ወረቀት በብዛት ይመጣል፤ አንድ ወገኑ የተጨማለቀ ኅትመት፣ ሌላው ወገን ባዶ። ባዶው ላይ በእርሳስ ትጽፍልኛለች፤ ከዚያ ኅትመቱን ወደ ላይ አድርጋ እኔ ጠረጴዛ ላይ ካለው የወረቀት መጫኛ ብረት ሥር ታስቀምጠዋለች። ለሌላ ሰው ቆሻሻ ወረቀት ነው። እኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳልገለብጥ አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ነው ያልገለበጥኩት።

ያን ሰሞን የጸሎት ቤታችን ሰባኪ ልጅ ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። ቤተሰቧ ከደስታ ብዛት የሚሆኑትን አጥተዋል። ዓርብ ማታ ከመዝሙር ልምምድ ስንወጣ እናቱ የድምቡሼን እጅ ይዛ፣ ልጁ አንድ ነገር ሲላት፣ እሷም ስትስቅ አየሁ። ያ ስርጉድ ለሌላ ሰው ሲታይ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። «መርፌ!» ብላ ጠራችኝ፤ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳት።

በማግስቱ ቅዳሜ ሙጫ ቀቢው አልመጣም ነበርና አለቃው የእሱን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ። የተሰፋ መጽሐፍ ጀርባው እንዲጠነክር የተበላሸ ወረቀት በሦስት ጣት ስፋት ይቀደድና በሙጫ ይለጠፍበታል። ሥራው ለጸሎት ቤታችን የሚሆኑ ሁለት መቶ የመዝሙር መጻሕፍት ነበር። ብረቱን አንሥቼ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሁሉ፣ አንዱንም ሳልገለብጥ፣ አንገቴን ደፍቼ ቀደድኩ። ተናድጄ ስለነበር ስቀድ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ቀና ስል ድምቡሼ የለችም፤ ቅዳሜ በግማሽ ቀን ነው የምንወጣው።

ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ማክሰኞም። በሦስተኛው ወር የሰባኪውን ልጅ አገባች። ኩሩ ነበርኩና ሄጄ «ለምን?» አላልኳትም። መዝሙሩን ተውኩት፣ ጸሎት ቤቱንም ተውኩት። ከእግዜር ጋር ተጣላሁ ለማለት ግን አልደፍርም፤ ስሰፋ አሁንም በየስፌቱ አንዳንድ ቃል እለዋለሁ።

እንግዲህ ልቤ ደንጊያ አልሆነም፤ ኖርኩ። ዘጠኝ ዓመት የአንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሚስት ነበርኩ። ደግ ሰው ነበር፤ የሚጎድለኝ ምን እንደሆነ ሲፈልግ ደከመው። ስንለያይ «የምታስቢውን ሰው ባውቀው እኔው ራሴ ወስጄ አደርስሽ ነበር» አለኝ። ከእሱ በኋላ ከአንዲት ነርስ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖርኩ። ለጎረቤት የአክስቴ ልጅ ናት እንል ነበር። ወድጃታለሁ፣ ውሸት አልናገርም። እሷም አንድ ቀን ልብሷን አጣጥፋ «ሦስት ሆነን መኖር ሰለቸኝ» ብላኝ ሄደች። ድምቡሼን በስም እንኳ አንሥቼላት አላውቅም ነበር።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ረቡዕ ጠዋት አሮጌውን ጀርባ እርጥብ ጨርቅ አለበስኩትና ሙጫው እስኪለሰልስ ጠበቅኩ። ከዚያ የተለጠፈውን ወረቀት በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ ላጥኩት። ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ላነጥፈው ስል በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ጽሑፉ ክብ ክብ ነው፤ ፊደሎቿም እንደ እሷው ድምቡሽ ያሉ ነበሩ።

«ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ጋ እጠብቅሻለሁ። ከሰባኪው ልጅ ጋር ያየሽኝ እምቢ ስለው ነው። እንዳያፍር ብዬ ነው የሳቅሁለት። እግዜርን ጠይቄዋለሁ፤ ከመጣሽ»

እዚያ ላይ ተቀዷል። የቀደድኩት እኔ ነኝ።

የቆምኩበት ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ጠብቃኛለች! ሻንጣዋን ይዛ ጠብቃኛለች፤ እኔ ያኔ ጥርሴን ነክሼ ስሰፋ ነበር። የቀረው ደብዳቤ የት እንዳለ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። በጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ በተደረደሩት መጻሕፍት ጀርባ ውስጥ ነው፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ስለ እኛ ቢያውቁ ከበራቸው የሚያባርሩን ሰዎች አርባ ሦስት ዓመት እሁድ እሁድ ደብዳቤያችንን በእጃቸው ይዘው ዘምረዋል። ይህን ሳስብ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ግን ሳቁ ልቅሶ ሆነና እስኪመሽ ድረስ አላባራ አለኝ።

ዓርብ መጽሐፉን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ቁራጯን ወረቀት በፖስታ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ። ልነግራት ወስኛለሁ። አላነበብኩትም፣ አልካድኩሽም ልላት ነው።

ባሏ በሩን ከፈቱልኝ። ዛሬ እሳቸውም በአባታቸው ቦታ ሰባኪ ናቸው፤ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «የድሮ የሥራ ባልደረባዋ እንደሆኑ ነግራኛለች። ሲጠብቁሽ ነው የቆየችው… ይቅርታ፣ ስትጠብቅዎት ማለቴ ነው። እንቅልፍ አጥቼ አፌ ተሳሰረ» አሉኝ። ወደ ክፍሏ አስገብተውኝ፣ የትራሷን ጠርዝ አስተካክለው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ደግ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

መስኮቱ ሥር ባለ አልጋ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ተኝታለች። ከድምቡሼ የቀሩት ስሟና ዓይኖቿ ናቸው።

«ከሳሽ አትይኝም?» አለች።

«ድምቡሼ ብዬ ልጠራሽ አፈርኩ።»

«አይ መርፌ! አሁንም አልዶለዶምሽም።» ስርጉዱ ብቅ ብሎ ጠፋ። መጽሐፉን ሰጠኋት። ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችውና ደረቷ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ «ቅርብ ነይ። ጮክ ብዬ መናገር አልችልም» አለችኝ።

ወንበሩን አስጠጋሁ።

«ያን ሰኞ ከእግዜር ጋር ቃል ነበረኝ። ከመጣች ባርከኸዋል ማለት ነው፣ ካልመጣች ግን መልስህ እሱ ነው፣ ሁለተኛ አልጠይቅህም አልኩት። እስከ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። አውቶቡሱ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለስኩና ለሰባኪው ልጅ ሐሳቤን ለውጫለሁ አልኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ሁለተኛ አልጠየቅኩትም መርፌ። በዚህ ነው የኖርኩት። ባሌን በቅን ልብ ያየሁት፣ ልጄን ያሳደግኩት በዚህ ነው። ልቤ አንቺን ባለ ቁጥር፣ መልሱን ሰምተሻል፣ ዝም በይ እለዋለሁ። ይኸው አሁን አርፌ ልሞት ነው።»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው። ፖስታው ውስጡ ነው። እውነቱን ብነግራት የቆመችበትን መሬት ከሥሯ ልነጥቃት ነው። ባልነግራት ደግሞ እምቢ እንዳልኳት አምና ልትቀበር ነው። ከዚያች «የአክስቴ ልጅ» በቀር በሕይወቴ ለማንም ውሸት ተናግሬ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ስንት ሰው በዚህ ጠልቶኛል። ያን ቀን ግን ከራሴ ስም ይልቅ የእሷ ሰላም በለጠብኝ።

«አንብቤው ነበር» አልኳት። «ፈራሁ። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ይቅር በይኝ።»

ዓይኗን ከደነች። «ፈርተሽ ነው?»

«አዎ።»

«የመጨረሻዋን መስመርስ?»

«እሷማ…» አልኩ፤ «እሷማ አስለቀሰችኝ።»

አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ተነሣሁ። እየሳቀች ነው! ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጭንቅላቷን ደግፌ ውሃ አጠጣኋት።

«መርፌ» አለች፣ እንባዋ በጆሮዋ በኩል እየወረደ። «የመጨረሻዋ መስመር እኮ ‹የራስሽን ሳሙና ይዘሽ ነይ፤ የኔን አላካፍልሽም› ነበር የምትለው።»

ዓይኔን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

«አላነበብሽውም» አለች። ፊቷ ላይ ሳቁ አልነበረም።

ፖስታውን አውጥቼ ቁራጯን እጇ ላይ አኖርኩላት። «ከመጽሐፍሽ ጀርባ ነው ያገኘሁት። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ተናድጄብሽ ነበር፤ ወረቀቱን ሳልገለብጠው ቀደድኩት። ድምቡሼ፣ አላየሁትም። ባየው…» አልጨረስኩትም።

በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው። «ይኼን ሁሉ ዘመን በእጄ ይዤው ነበር?»

«አዎ።»

«የእግዜር መልስ ነው ብዬ የተቀበልኩት… ሙጫ ነበር እንዴ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከሳሎን የባሏ እርምጃ ይሰማል፤ ወዲያ ይላሉ፣ ወዲህ ይላሉ። ምነው ምላሴን በቆረጥኩት፣ ምነው መጽሐፉን ለሌላ ጠራዥ በሰጠሁት እያልኩ እጄን ሳፍተለትል ቆየሁ። ሰው ሊሞት ሲል የሚያሳርፈውን ነገር ከእጁ ነጠቅኩት ብዬ ራሴን ጠላሁት።

«ልዋሽሽ የፈለግኩት ለዚህ ነበር» አልኳት በመጨረሻ።

«ውሸት አትችይም። ድሮም አትችይበትም ነበር።» አሁንም ወደ መስኮቱ እያየች ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብታነቢው ኖሮ ትመጪ ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ከተጠየቅኩት ሁሉ ማሰብ ያላስፈለገኝ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

«ሳሙናዬን ይዤ።»

ያኔ ዞረች። እጇን ዘረጋችልኝና ያዝኩት፤ ደረቅና ቀላል ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ስታጥፋቸው፣ መልሳ ስትዘረጋቸው ቆየች። እጇን አልተመለከተችም። የተመለከተችው እኔን ነው። «ወደድኩሽ፣ አንድም ቀን አላቆምኩም» አልኳት፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰባኪ ቤት ውስጥ፣ በሩ ገርበብ ብሎ። «እኔም» አለችኝ። «እሱንም ወደድኩት፣ በሌላ ዓይነት። ሁለቱም እውነት ነው። እንዴት እንደሚሆን አትጠይቂኝ።»

ልወጣ ስነሣ ቁራጯን መጽሐፉ ውስጥ ከተተቻት። «እንግዲያው ሁለተኛ አልጠይቅህም ያልኩት በስሕተት ነው። ዛሬ እንደገና እጠይቀዋለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰኞ ነይ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ» አለችኝ።

መንገዱን በእግሬ ነው የተመለስኩት። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሰኞ ማለዳ ተነሥቼ ጸጉሬን አበጠርኩ። ቅዳሜ ገዝቼ ያስቀመጥኩትን ሳሙና በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ስታየው ስትስቅ ይታየኝ ነበር። ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው መንገዳቸው ላይ ታጠፍኩ። በራቸው ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሁንም አንድ ቀን ዘግይቻለሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከስንት ዘመን በኋላ ያን ጸሎት ቤት ረገጥኩ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። ባሏ ሊናገሩ ቆመው አንድም ቃል ሳይወጣቸው መልሰው ተቀመጡ፤ አዘንኩላቸው፣ ከልቤ አዘንኩላቸው። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተነሣና መጻሕፍቱን አነሣ። ጥቁር ሽፋን፣ የእኔ ስፌት፣ በየእጁ። ከፊቴ ያለችው አሮጊት የያዘችው ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። «ከመጣሽ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቃል ይሆናል።

ልጇ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት እሁድ ሊነጋ ሲል ነው። አልተሠቃየችም። መጽሐፉ አብሮኝ ይሂድ ስላለች እጇ ላይ ተውነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «እርስዎን ደግሞ አንድ ነገር በያት ብላኛለች። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።»

«ምን አለች?»

«‹ጠየቅኩት፤ ዝም አለኝ። ዝም ማለት ግን እምቢ ማለት አይደለም በያት› አለች።»

የአግዳሚውን ጠርዝ ያዝኩ። ልጅቷ ክንዴን ደገፈችኝና ትንሽ ቆይታ ዙሪያዋን አሸተተች። «ምንድነው እንዲህ ደስ የሚለው? ሳሙና ይሸታል አይደል እትዬ?»

«አዎ ልጄ» አልኳት። «ለመንገድ ይዤው ነው።»

ከዚያ ከፊቴ ያለውን መጽሐፍ አነሣሁና ከሰዉ ጋር ዘመርኩ።